የአባቶችንና የእናቶችን ታሪክ ለልጆች ስለ መንገር



በቀብር ጊዜ በጉባኤያችን የተለመደ አንድ ሥርዓት አለ። መዝሙር ከተዘመረና ጸሎት ከተደረገ በኋላ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ይነሣና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ከወረቀት ላይ ያነባል። የተወለደበት ዓመትና ስፍራ፥ የአባቱና የእናቱ ስም፥ የተማረበት ቤት፥ የሠራው ሥራ፥ የወለዳቸው ልጆች ቍጥር፥ የታመመበት ወራትና ያረፈበት ቀን በአንድ ገጽ ተጽፎ ይነበባል። እኛም ብዙ ጊዜ በዚህ ሥርዓት ቆመን ስንሰማ አንድ ነገር አስተውለናል። ከሕዝቡ ሁሉ ይልቅ በመገረም የሚያዳምጡት የሟቹ ልጆች ናቸው። አባታቸው በልጅነቱ የሰው ከብት ጠባቂ እንደ ነበረ፥ ፊደል ለመቍጠር የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ እንደ ሄደ፥ ከእናታቸው በፊት ያገባት ሚስቱ በወሊድ እንደ ሞተችበት፥ ይህን ሁሉ የሚሰሙት ገና በዚያን ቀን ነው። ጥያቄ ቢኖራቸው የሚመልስላቸው ሰው በፊታቸው በሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

ስለዚህ በዚህ ጥናት ስለ ቤተ ሰብ ታሪክ፥ ይኸውም ወላጆችና አያቶች በሕይወት ሳሉ ያዩትንና የደረሰባቸውን ለልጆቻቸው ስለ መንገር እንነጋገራለን። ነገሩ ለሽማግሌዎች የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይመስላል። እኛም ብዙ ዘመን እንደዚሁ አድርገን ቈጥረነው ነበር፤ ያደረስነውንም ጥፋት ወደ ኋላ እንናገራለን።

የደጋው አገር ሰው ትውልዱን በመቍጠር የታወቀ ነው። በአማራው ዘንድ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። በኦሮሞውም ዘንድ ልጅ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ እያከታተለ መጥራትን ይማራል። በርስት አገር ደግሞ ስለ መሬት የሚሟገት ሰው ራሱን ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጋር በስም ሰንሰለት ማያያዝ ነበረበት፤ በመካከሉ አንድ ስም የጠፋበት ሰው ሙግቱ ይከብደው ነበር። በዚህም ምክንያት በጎጃምና በጎንደር የሽማግሌ ትዝታ እንደ መዝገብ ይከበር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ የርስት ሙግት ቀረ፤ ስሞችን በቃል ለማጥናት ያስገድድ የነበረውም ትልቁ ምክንያት አብሮት ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛው ምን እንደ ነበረ ጭሰኛ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ እኛ ስለ እርሱ ልንከራከር አልተነሣንም። ነገር ግን አባቶቻችን ስለ መሬት ሲሉ ያጠኑትን እኛ ስለ ፍቅር ብለን ካላጠናነው፥ ዛሬ የሚያስገድደን ዳኛ የለም።

ደግሞም መቍጠር ብቻውን ታሪክ አይደለም። ሰባት ስም ሳይሳሳት የሚጠራ ጐልማሳ፥ ከሰባቱ ስለ አንዱ «ምን ያለ ሰው ነበር?» ቢባል ዝም ይላል። ስሙ አጥንት ነው፤ አጥንት ደግሞ ያለ ሥጋ አይንቀሳቀስም። የእናት እናት ስም እስከ ሦስት ትውልድ የሚያውቅማ በጉባኤያችን ከጣት የሚበልጥ አይመስለንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ለይቶ ጠርቶአል፤ የአባቱን ስም በመጽሐፍ ከቶ አናገኘውም። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 1 ቍጥር 5ን ተመልከቱ።

ስለ ስም ከተናገርን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። በጉባኤያችሁ ምትኩ ወይም ካሣ ወይም ማስረሻ የተባለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ምትኩ በሌላ ፈንታ የመጣ ነው፤ ካሣ ስለ ጠፋው የተከፈለ ነው፤ ማስረሻም ኀዘንን የሚያስረሳ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ስሞች በስተ ኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ መቃብር አለ። ዮሴፍ በግብፅ አገር በኵሩን ምናሴ ብሎ ሲጠራው ያደረገው ይህንኑ ነበር። ዘፍጥረት 41 ቍጥር 51ን ብታነቡ፥ ምናሴ ማለት በእኛ ቋንቋ ማስረሻ እንደ ማለት መሆኑን ታስተውላላችሁ። የሚያስደንቀው ግን፥ ልጁ በስሙ በተጠራ ቍጥር ተረሳ የተባለው ነገር መታሰቡ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳ የሆነ፥ ከእነዚህ ስሞች አንዱን የያዙ አንድ ወንድም፥ «በማን ምትክ ነው የተወለዱት?» ብለን በጠየቅናቸው ጊዜ ጥቂት አሰቡና፥ «እናቴ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም» አሉን። ስድሳ ዓመት የተጠሩበት ስም ለራሳቸው ተዘግቶባቸው ኖሮአል።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ዘዳግም 6 ከቍጥር 20 ጀምሮ አንድ ልጅ አባቱን ስለ ሕጉና ስለ ሥርዓቱ ትርጕም ሲጠይቅ እናያለን። አባቱ ሕጉን አንድ በአንድ እየተነተነ እንዲያስረዳ አልታዘዘም፤ የቤቱን ታሪክ እንዲነግረው ነው የታዘዘው። ታሪኩም የሚጀምረው ከድል ወይም ከነገሥታት አይደለም፤ አባቶች በግብፅ ለፈርዖን ባሪያዎች ከነበሩበት ዘመን ይጀምራል። አንድ ሕዝብ ለልጁ ራሱን ሲያስተዋውቅ ውርደቱን በፊት ማስቀመጡ በእርግጥ ያልተለመደ ነገር ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ ከቀይ ባሕር መከፈል እንጀምር ነበር፤ ጡብ መርገጡን ግን ዝም ብለን እናልፈው ነበር።

በኢያሱ ምዕራፍ 4ም ከዮርዳኖስ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ተወስደው ቆሙ። ድንጋዮቹ ምንም የተጻፈባቸው ነገር እንዳልነበረ አስተውሉ። የቆሙት ልጆች አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ሰው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። በየቤታችን እንዲህ ያለ ድንጋይ ሳይኖር አይቀርም፤ በግድግዳ ላይ ያለ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፥ ጫፉ የተቃጠለ መሶብ፥ በመጀመሪያው ገጽ የልጆች ልደት የተጻፈበት አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ፥ ወይም በአባት ክንድ ላይ ያለ ጠባሳ። ልጅ ጠባሳውን ጠይቆ «ተወው፤ የድሮ ነገር ነው» የተባለ እንደ ሆነ፥ ሁለተኛ አይጠይቅም።

በማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ያለውን የትውልድ መጽሐፍ ብዙዎቻችን በንባብ ጊዜ ፈጥነን እናልፈዋለን። ነገር ግን በዚያ ውስጥ ትዕማርና ረዓብ፥ ሩትና የኦርዮ ሚስት ተጽፈው ይገኛሉ። ወንጌላዊው ሊያልፋቸው በቻለ ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም ነበርና። በእኛ ቤት የሚጻፍ የትውልድ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እነዚህን አራቱን ያወጡአቸው እንደ ነበር አንጠራጠርም።

በዘመናችን ደግሞ ይህን ነገር በሳይንስ መንገድ የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና መምህራን፥ ልጆች ስለ ቤተ ሰባቸው የሚያውቁትን ለመመዘን ሃያ ጥያቄዎችን አዘጋጁ። የምርመራው መነሻ የዱክ ባለቤት ወይዘሮ ሣራ ዱክ ናቸው፤ እርሳቸው ለመማር የሚቸገሩ ሕፃናትን የሚረዱ ባለሙያ ሲሆኑ፥ ስለ ቤተ ሰባቸው ብዙ የሚያውቁ ልጆች መከራ በገጠማቸው ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ ሲጸኑ አይተው ለባለቤታቸው ነገሩአቸው። ሃያው ጥያቄ ከባድ ምሁራዊ ነገር አይደለም። ልጁ አያቶቹ የት እንዳደጉ፥ ወላጆቹ የት እንደ ተገናኙ፥ በቤተ ሰቡ ላይ ምን ከባድ ሕመም ወይም አደጋ እንደ ደረሰ፥ እርሱ ራሱ ሲወለድ ምን እንደ ሆነ ያውቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በጋ ወራት አርባ ከሚበልጡ ቤተ ሰቦች ጋር ተነጋገሩ፤ በማዕድ ተቀምጠው የሚነጋገሩትንም በመቅጃ ያዙ። ስለ ቤታቸው ይበልጥ የሚያውቁ ልጆች ራሳቸውን ይበልጥ የሚያከብሩ፥ ኑሮአቸውም በእጃቸው እንዳለ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ራሳቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል፤ ይህንንም ሳንነግራችሁ ብናልፍ ነገሩን እናበላሸዋለን። የሃያውን ጥያቄ መልስ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ለልጅ በቃል ማስጠናት አንዳች አይጠቅምም። ልጁን የሚያጸናው መልሱን ማወቁ ብቻ ሳይሆን፥ መልሱን ለማወቅ የተቀመጠበት ማዕድ ነው፤ አያት የነገረችውን ደግማ የነገረችበት፥ አባት «እንዲህ አልነበረም» ብሎ ያቋረጣት፥ ሁሉም የሳቁበት ማታ ነው።

ደግሞም የቤተ ሰብን ታሪክ በሦስት ዓይነት ለይተው ተናግረዋል። አንዱ ቤት፥ «ምንም አልነበረንም፤ አሁን ግን ሁሉ አለን» ይላል። ሁለተኛው ቤት፥ «ሁሉ ነበረን፤ ሁሉም ጠፋ» ይላል። ሦስተኛው ቤት ግን መውደቁንም መነሣቱንም አንድ አድርጎ ይናገራል፤ ልጆችን ከሁሉ ይልቅ የሚያበረታው ይህ ሦስተኛው ነው ይላሉ። በአገራችን የትኛው ቤት ነው ይህን ሦስተኛውን ታሪክ ሊናገር የማይችል? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን በተባለው ዘመን የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በሬ በመጥፋቱ እርሻ ቆመ፤ ሰውም በየመንገዱ ወደቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ለሕዝቡ ምሳሌ እንዲሆኑ በዶማ እንደ ቈፈሩ ይነገራል። ዛሬ በሕይወት ያለነው ሁላችን በዚያን ዘመን ከሞት የተረፈ ሰው ልጆች ነን። አንዱ በዶማ ቈፍሮ ዘርቶአል፤ ሌላው ወደ ቆላ ወርዶ ሥር ቈፍሮ በልቶአል፤ አንዲቱም ሴት የመጨረሻውን ቍና ዘር በመሬት ውስጥ ቀብራ አትርፋለች። የእኛ ቤት በየትኛው መንገድ እንደ ተረፈ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እንግዲህ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። ከጉባኤያችን ውስጥ የባሪያ ልጆችና የጌታ ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ይዘምራሉ። በኢትዮጵያ የባርያ ንግድና አገዛዝ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ሩቅ ዘመን አይደለም። አንዳንዱ ቤት አያቱ ተሽጣ የመጣች መሆንዋን ይደብቃል፤ አንዳንዱም ቤት አያቱ ሰው ገዝቶ ያሠራ መሆኑን ይደብቃል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ዝም ይላል፤ ይህ ደግሞ የሚገባን ነገር ነው፤ የሚያስመሰግን ግን አይደለም።

በዚህ ጕዳይ አስቴር ጋኖን እናስባታለን። አስቴር በልጅነትዋ በባርነት ተያዘች፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. በመርከብ ተጭና ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ ኢጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጡአት። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም እንደ እርስዋ በልጅነቱ ተሽጦ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጕም በኦሮምኛ ይሠራ ነበር፤ አስቴርም በቋንቋው ዕውቀትዋ የቅርብ ረዳቱ ሆነች። ከዚህም ሌላ በአእምሮዋ ይዛ የኖረችውን የኦሮሞ ተረትና እንቈቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ።

አንድ ጊዜ አስቡት። ነጋዴዎቹ ከዚህች ልጅ አገርዋን፥ ዘመድዋንና ቤትዋን ሁሉ ወስደዋል። በባዕድ አገር ዳር፥ በባሕር አጠገብ፥ ምንም የሌላት ሆና ቀረች። በጆሮዋ የገባው ግን ሊወሰድ አልተቻለም። ያም ከብዙ ዓመት በኋላ በፊደል ተጽፎ የሌሎች ልጆች ማንበቢያ ሆነ፤ እርስዋም በ1904 ከአናሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ ልጆችን አስተማረች። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ ባርነቱን ብናወጣ፥ የቀረው ነገር ከየት እንደ መጣ ማንም ሊያስተውል አይችልም። የአስቴርና የአናሲሞስ ባርነት በመጽሐፍ ተጽፎ ስናነብ አናፍርም፤ እንዲያውም እናከብራቸዋለን። በገዛ ቤታችን ያለችውን አያት ግን ስለ ምን እንደብቃታለን?

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል ሳንናገር ብናልፍ ግብዞች እንሆናለን። እማማ እያልን የምንጠራቸው አያታችን በነሐሴ ወር ቆሎ በተቈላ ቍጥር፥ ማንም ሳይቀምስ አንድ እፍኝ ዘግነው በጨርቅ ይቋጥሩና ከበሩ በላይ ባለው ጉበን ላይ ያኖሩት ነበር። ሲያኖሩትም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን። በአካባቢያችን ለአድባርና ለቆሌ ቆሎ መበተን የታወቀ ልማድ ነበር። እኛም በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ መማር ከጀመርን ሁለት ዓመት ያልሞላን ወጣቶች ነበርን፤ ዕውቀታችን ጥቂት፥ ድፍረታችን ግን ብዙ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት በተቀመጠበት፥ «እማማ፥ ይህ ባዕድ አምልኮ ነው፤ ለአድባር የሚደረግ ነው፤ ይተዉት» አልናቸው። ቀና ብለው አዩን፤ «እሺ ልጆቼ» አሉን፤ ሌላ ቃልም አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እፍኙ ቀረ።

እርሳቸው ካረፉ በኋላ በለቅሶው ድንኳን ታናሽ እኅታቸው ነገሩን ገለጡልን። በ1928 ዓ.ም. ጠላት በገባ ጊዜ አያታችን ሕፃናቶቻቸውን ይዘው በክረምት ሸሽተው ነበር። የአምስት ዓመት ልጃቸው በመንገድ ታመመ፤ በአንድ ሌሊትም ቆሎ ለመናቸው። ጥቂት ገብስ ይዘው ነበር፤ ነገር ግን እሳት ብናነድድ ያዩናል ብለው ፈሩና፥ «ሲነጋ እቈላልሃለሁ» አሉት። ሲነጋ ልጁ ሞቶ ነበር። እፍኙን ሲያኖሩ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው የልጁን ስም ሲጠሩ ነበር። ያንንም ቋጠሮ ማታ ከከብቶች ኋላ በመጨረሻ ለሚገባው እረኛ ልጅ ይሰጡት ነበር፤ ይህን ከእኛ በቀር የሰፈሩ እረኞች ሁሉ ያውቁት ኖሮአል። ልጁ የአባታችን ታላቅ ወንድም ነበረ። ስሙን እስከዚያ ቀን አልሰማነውም ነበር።

እኛ የኢያሱን ምዕራፍ 4 በዚያን ጊዜ አንብበነዋል፤ ስለ ድንጋዮቹም በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረናል። ነገር ግን በገዛ በራችን ላይ ያለውን ቋጠሮ «ይህ ምንድን ነው?» ብለን አልጠየቅንም፤ ሳንጠይቅ ፈረድን። ልማድን ሁሉ ያለ ምርመራ እንቀበል ማለታችን አይደለም። ልንለው የምንወደው ሰው ከመምከራችን በፊት ታሪኩን መስማት እንደሚገባን ነው፤ ይህንም የምንናገረው ከብዙ ኀፍረት ጋር ነው።

እንግዲህ ታሪክ ሁሉ ለሁሉ፥ በማንኛውም ጊዜ ይነገር ማለት ነውን? አይደለም። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚነገርና ለሃያ ዓመት ጐልማሳ የሚነገር አንድ አይደለም። በሕይወት ያለን ሰው የሚያዋርድ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ በልጆች ፊት መነገር የለበትም፤ የወንድምን የልጅነት ስርቆት በሰርግ ቤት ማውራት ታሪክ መንገር ሳይሆን ሐሜት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ደም ታሪክ እንጠንቀቅ። በአንዳንድ ቤት ልጁ ከጡት ሳይወጣ «የአያትህን ገዳይ ልጆች ከወንዝ ማዶ አሉ» እየተባለ ያድጋል። ይህ ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጐዶሎ ነው። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ያስታረቁ እንደ ሆነ፥ ካሣው የተከፈለ እንደ ሆነ፥ እርቁም ከግድያው ጋር ይነገር። እርቅ ያልተደረገ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ለልጁ ከመንገር በፊት ወላጆች ራሳቸው ወደ ማዶ የሚሄዱበትን መንገድ ይፈልጉ።

የትውልድ ትምክሕትም አለ። «እኛ የእገሌ ዘር ነን» እያለ ሌላውን የሚንቅ ሰው ብዙ ጊዜ ስለዚያ እገሌ አንድ ታሪክ ስንኳ በሙሉ አያውቅም። በሙሉ ቢያውቀው ኖሮ ትምክሕቱ ይቀንስ ነበር።

አሁን ስለ አነጋገሩ ጥቂት እንበል። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን በፊታቸው አስቀምጠው፥ «ዛሬ ታሪክ እነግራችኋለሁ» ብለው ይጀምራሉ፤ ልጆቹም ወዲያው ያዛጋሉ። ታሪክ የሚወጣው እጅ ሥራ ላይ ሳለ ነው፤ ሽንኵርት ሲላጥ፥ ባቄላ ሲፈለፈል፥ ቡና ሲቈላ፥ ረጅም መንገድ በእግር ሲኬድ። ሽማግሌም «ሕይወትዎ እንዴት ነበረ?» ቢባሉ «መልካም ነበረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጉታል። «ትምህርት ቤት በገቡ ቀን ምን ለብሰው ነበር?» ብትሉአቸው ግን ልብሱን ካስታወሱ ዘንድ የሰፋችላቸውን እናት፥ ጨርቁ የተገዛበትን ገበያ፥ በመንገድ የገጠማቸውን ጅብ ሁሉ ይነግሩአችኋል። በ1966 ዓ.ም. ረኃብ፥ በ1977ም ረኃብ የት እንደ ነበሩ ጠይቁአቸው፤ በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ የት ተሰብስበው ይጸልዩ እንደ ነበር፥ ማን በር ይጠብቅ እንደ ነበር ጠይቁአቸው። ዝም ካሉ ደግሞ አታስገድዱአቸው፤ ሌላ ቀን ቡና አፍሉላቸው።

ታሪኩም በተናጋሪው ቋንቋ ይነገር። በኦሮምኛ ያዘነችውን አያት በአማርኛ አውሪ ማለት ግማሹን ማስቀረት ነው። ከምእመኖቻችን ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች ይኖራሉ፤ በዚያም የተወለደ የልጅ ልጅ በስልክ ከአያቱ ጋር ሲገናኝ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ከማለት አያልፍም። ለእንዲህ ያለው ቤት ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ትልቅ በረከት ነው፤ እናት በመካከል ተቀምጣ እየተረጐመች አያትየዋ በገዛ ቋንቋቸው ይናገሩ። ትርጕሙ ቢጐድል ስንኳ ድምፃቸው ይቀራል፤ ልጁም ቋንቋውን በተማረ ጊዜ ይሰማዋል።

የተሰማውም ይጻፍ። ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ ልባሱ ጠንካራ የሆነ አንድ ደብተር ይበቃል። በየታሪኩ ራስጌ የተናጋሪው ስም፥ የተነገረበት ቀንና ስፍራ ይጻፍ። የተናገሩትን ቃል አሳምራችሁ አትለውጡ፤ «ያን ጊዜ ጅብ በላን» ብለው ከሆነ እንደዚያው ጻፉት። ከቀኝ ገጽ ብቻ ጻፉ፤ የግራውን ገጽ ባዶ ተዉት። በገና ወይም በትንሣኤ አክስት ከገጠር ትመጣለችና፥ የጻፋችሁትን አንብባችሁ ስታሰሙአት ከመካከል አቋርጣ፥ «ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? በሬው ቀይ አልነበረም፤ መንገዱም በዚያ በኩል አይደለም» ትላለች፤ ያን ጊዜ የእርስዋን ቃል የምትጽፉበት ስፍራ ያስፈልጋችኋል።